መኪናው ከርቀት ይነሣል ወይ? የሪሞት ስታርትን መኖር የማረጋገጥ ጥያቄ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ

ያገለገለ መኪና በሚሸጥበት ጊዜ ሻጩ ወይም ደላላው ከሚዘረዝራቸው መልካም ነገሮች መካከል «ሪሞት አለው» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ሐረጉ አጭር ቢሆንም በውስጡ የተለያዩ ነገሮችን አጭቆ ይዟል። በርን ከርቀት የሚቆልፍና የሚከፍት ቁልፍ ሪሞት ይባላል። ከኪስ ሳይወጣ በሩን የሚያስከፍተው ዘመናዊ ቁልፍም በዚሁ ስም ይጠራል። ቁልፍ ሳይጠመዘዝ በመሪው አጠገብ ባለ መጫኛ ሞተር የሚያስነሣው ፑሽ ስታርት፣ እንዲሁም የማንቂያ ደወል መቆጣጠሪያ ከዚሁ ስም ጋር ሲደባለቁ ይሰማል። ባለቤቱ ከመኪናው ውጪ ሆኖ፣ ማንም መሪው ላይ ሳይቀመጥ፣ ሞተሩን የሚያስነሣበት ሪሞት ስታርት ግን ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር አንድ አይደለም። ፑሽ ስታርት ያለው መኪና ሁሉ ሪሞት ስታርት የለውም፤ ሪሞት ስታርት ያለው መኪናም የግድ ፑሽ ስታርት ሊኖረው አይገባም።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሻጭና ለገዥ ክርክር መተው በተቻለ ነበር። ነገር ግን በጎንደር ዓይነት ተዳፋታማ ከተማ፣ አብዛኛው ሹፌር መኪናውን ማርሽ አስገብቶና ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎ በሚያቆምበት አካባቢ፣ አንድ መኪና ያለ ሹፌር ሊነሣ መቻሉን አለማወቅ አደጋ አለው። በመሆኑም «አለው ወይስ የለውም» የሚለውን ጥያቄ «ካለውስ ማን አስገባው?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ሊከተለው ይገባል። ከሁለቱ ክብደት ያለው የኋለኛው ነው።

አሠራሩን በአጭሩ መመልከት ማስረጃው ከየት እንደሚገኝ ያሳያል። ከቁልፉ የሚወጣው የሬዲዮ ምልክት በመኪናው ውስጥ ላለ ተቀባይ ይደርሳል። ምልክቱ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን ገበያ በተሸጡ መኪኖች በአብዛኛው በ315 ሜጋኸርዝ፣ በአውሮፓ ገበያ ደግሞ በ433.92 ሜጋኸርዝ ይጓዛል። ተቀባዩ የምልክቱን ኮድ አረጋግጦ ለመኪናው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ያስተላልፋል። ኮምፒውተሩ ወዲያውኑ ሞተሩን አያስነሣም፤ በሮቹ ተዘግተው እንደሆነ፣ ኮፈኑ እንዳልተከፈተ፣ ማርሹ በማቆሚያ ቦታ ላይ እንዳለ፣ ፍሬኑ እንዳልተረገጠ አስቀድሞ ይመረምራል። ከዚያም ኢሞቢላይዘሩ፣ ማለትም ትክክለኛው ቁልፍ ካልቀረበ ሞተሩ እንዳይነሣ የሚከለክለው ክፍል፣ ፈቃዱን ይሰጣል። በመጨረሻም ሞተር ማስነሻው ይዞራል። እነዚህ ሁሉ ደረጃዎች ፋብሪካው በሠራው መኪና ላይ በአንድ እጅ የተሠሩና እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ናቸው። በኋላ በጋራዥ በተጨመረ መሣሪያ ላይ ግን እያንዳንዱ ደረጃ የባለሙያው ውሳኔ ነው። አንዱን ደረጃ ቢዘለውም ሞተሩ ይነሣል።

ቁልፉ የሚናገረውና የማይናገረው

ገዥ በመጀመሪያ የሚመለከተው ቁልፉን ነው፤ ይህም ትክክል ነው። በበርካታ አምራቾች ቁልፍ ላይ የሪሞት ስታርት ምልክት ክብ ሠርቶ የሚጠመዘዝ ቀስት ነው። ጄኔራል ሞተርስ ይህንኑ ቀስት ይጠቀማል፤ ፎርድ ሁለት ጊዜ መጫን እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ምልክት ይጨምርበታል። በብዙ የሆንዳና የሃዩንዳይ መኪኖች ባለቤቱ መጀመሪያ መቆለፊያውን ይጫናል፤ ቀጥሎ የማስነሻውን መጫኛ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ይይዛል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት በቀላሉ ይፈጠራል። በዳሽቦርድ ላይ የሚገኝ፣ «ኤ» የተባለውን የላቲን ፊደል የከበበ ክብ ቀስት ከሪሞት ስታርት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መኪናው በትራፊክ መብራት ሲቆም ሞተሩን ለጊዜው የሚያጠፋውን ነዳጅ ቆጣቢ ሥርዓት ያመለክታል። በጃፓን ገበያ በተሸጡ አንዳንድ ቪትዞች ላይም ይህ ሥርዓት ስላለ፣ ምልክቱን አይቶ «ከርቀት ይነሣል» ማለት አያስኬድም።

የመጫኛው አለመኖርም የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በተሸጡ በርካታ የቶዮታ መኪኖች ለሪሞት ስታርት ተብሎ የተለየ መጫኛ በቁልፉ ላይ የለም። ባለቤቱ መቆለፊያውን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ያደርግና በሦስተኛው ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ሲይዝ ሞተሩ ይነሣል። ይህን የማያውቅ ገዥም ሻጭም ያንን መኪና ለዓመታት ሊይዘውና ችሎታውን ሳያውቅ ሊሸጠው ይችላል።

በተቃራኒው ደግሞ መጫኛው ኖሮ ችሎታው የማይኖርበት አጋጣሚ አለ። የተሰበረ የቁልፍ ሽፋን በቁልፍ ቀራጮች ዘንድ በሌላ ይተካል። የሚተካው ሽፋን ከተመሳሳይ ሞዴል የተገኘ እንጂ የግድ ከተመሳሳይ መኪና የተገኘ አይደለምና አራት መጫኛ ያለው ሽፋን ሦስት መጫኛ በነበረው ቁልፍ ላይ ይገጠማል፤ አራተኛው ከሥሩ ምንም የሌለው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቁልፍ የመኪናው ምስክር ሊሆን የሚችለው ራሱ ኦሪጅናል መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

መኪናው የመጣበት ገበያ

ከቁልፉ ይልቅ ብዙ የሚናገረው መኪናው መጀመሪያ የተሸጠበት አገር ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የትራፊክ አቅጣጫዋን ከግራ ወደ ቀኝ ከለወጠች ወዲህ ለመንገዱ የሚስማማው መሪው በግራ የሆነ መኪና ነው። ይህም በመሪ ቀኝ ከሚነዱት ከኬንያና ከታንዛንያ የተለየ የአቅርቦት መስመር ፈጥሯል። ያገለገሉ መኪኖች ከባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ በጅቡቲ በኩል ሲገቡ ቆይተዋል። ከጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የወጡና መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረም በመካከላቸው አሉ። እነዚህ ገበያዎች ለሪሞት ስታርት ያላቸው አመለካከት በጣም የተራራቀ ነው።

ሰሜን አሜሪካ የሪሞት ስታርት እናት ገበያ ነው። ክረምቱ ከዜሮ በታች በሚወርድበት አገር ባለቤቱ ቁርስ እየበላ መኪናውን የሚያሞቅበት መሣሪያ ፈላጊው ብዙ ነው። የ2004 እ.ኤ.አ. ሸቭሮሌ ማሊቡ ችሎታውን ከፋብሪካው ይዘው ከወጡት ቀዳሚዎች አንዱ ሲሆን ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከትለዋል። አውሮፓ ግን በተቃራኒው ነው። የጀርመን የትራፊክ ደንብ ሞተርን ያለ አስፈላጊነት እንዲሠራ ትቶ መቆምን ይከለክላል። በዚህ የተነሣ በአውሮፓ ገበያ በተሸጠ የቤንዚን ወይም የናፍጣ መኪና ላይ የፋብሪካ ሪሞት ስታርት ማግኘት ብርቅ ነው። በዚያ ፈንታ በአንዳንዶቹ ላይ ሞተሩ ሳይነሣ በነዳጅ ብቻ የሚሠራ ማሞቂያ ይገኛል። የዚህ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ከሪሞት ስታርት ቁልፍ ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ሞተሩን ግን አይነካም።

የጃፓኑ ጉዳይ ለጎንደር አንባቢ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ቪትዝ የሚለው ስም ራሱ ቶዮታ ያሪስን በጃፓን ውስጥ የሸጠበት ስም ነውና። በጃፓን ሪሞት ስታርት በአብዛኛው ከፋብሪካው ሳይሆን መኪናውን በሸጠው ወኪል የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ ነው፤ መቆጣጠሪያውም ከመኪናው ቁልፍ የተለየ፣ ለብቻው የሚያዝ ነው። መኪናው እጅ ለእጅ እየተላለፈ ባሕር ሲሻገር ይህ ትርፍ መቆጣጠሪያ በቀላሉ ይጠፋል። መሣሪያው ከዳሽቦርዱ ሥር ተገጥሞ፣ ሽቦው ተያይዞ፣ አዛዡ ግን በሌላ አገር መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ የሚገኝ መኪና አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለው መኪና «አለው» ወይስ «የለውም» ይባል? ለገዥው የለውም፤ ለኤሌትሪክ ባለሙያው ግን አለው፤ ምክንያቱም የመኪናው ባትሪ ያለምክንያት ሲደክም መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ይኸው የተረሳ መሣሪያ ነው።

የትውልድ ገበያውን ለመለየት የሻንሲ ቁጥሩ ይረዳል። ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከመኪናው አካል ላይ ከተቀረጸው ጋር ማመሳከርም ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ ሥርዓት 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን የመጀመሪያው ምልክት መኪናው የተመረተበትን አገር ወይም ቀጠና ይጠቁማል፦ 1፣ 4 እና 5 ለአሜሪካ፣ «ጄ» ለጃፓን፣ «ደብልዩ» ለጀርመን፣ «ኬ» ለደቡብ ኮርያ፣ «ኤል» ለቻይና። ከአኃዝ ጋር እንዳይምታቱ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት ፊደላት በሥርዓቱ ውስጥ አይገኙም። ሆኖም የምርት አገርና የሽያጭ ገበያ አንድ አይደሉም። በጃፓን ተመርቶ ለአሜሪካ የተሸጠ ቶዮታ በ«ጄ» ይጀምራል፤ በጃፓን ተመርቶ ለዱባይ የተሸጠውም እንዲሁ። ለጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሠራው ደግሞ 17 አኃዝ ያለው ቁጥር የለውም፤ የሞዴሉን ስያሜና ተከታታይ ቁጥር በሰረዝ አያይዞ የያዘ አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው ያለው። ይህን ቁጥር በኢንተርኔት የቁጥር መፍቻ ላይ አስገብቶ «መረጃ የለም» የሚል መልስ ያገኘ ገዥ መኪናው የተጭበረበረ ነው ብሎ መደምደም የለበትም፤ መፍቻው የሚያውቀው ሌላ ሥርዓት ነው።

ቁጥሩ ሙሉ በሆነበት ጊዜ እንኳ በብዙ መኪኖች ላይ ሪሞት ስታርትን ለይቶ አይናገርም፤ ሞዴሉን፣ ሞተሩንና የምርት ዓመቱን ነው የሚናገረው። ችሎታው የሚታወቀው በዚያ ቁጥር አማካይነት ከአምራቹ ወይም ከወኪሉ መዝገብ በሚወጣው የመሣሪያዎች ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ከተገኘ ግን ከቃል ምስክርነት ሁሉ ይበልጣል።

ከዳሽቦርዱ ሥር

ሁለት የመንግሥት ውሳኔዎች በአገሪቱ ያሉ የነዳጅ መኪኖችን ዕድሜ አራዝመዋል ማለት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። የሚተካው ሲወደድና ሲጠፋ ያለው ደጋግሞ ይሸጣል፤ በተሸጠ ቁጥርም ዕቃ ይጨመርበታል። ስለዚህ በዛሬው የጎንደር ገበያ «ሪሞት ስታርት አለው» የተባለ መኪና ከፋብሪካው ይዞት የመጣ ነው ብሎ ከመነሣት ይልቅ በኋላ የተጨመረበት ነው ብሎ መነሣት ለገዥ ይበጃል።

በኋላ የተጨመረ መሣሪያ ምልክቶች አሉት። መቆጣጠሪያው የመኪናውን አርማ ሳይሆን የአላርም አምራቹን ስም ይይዛል፤ አንዳንዱ ትንሽ ስክሪንና አንቴና አለው። በፊት መስታወቱ ላይ፣ ከመሃል መስታወቱ ጀርባ፣ ትንሽ የተለጠፈ አንቴና ይታያል። በመሪው ሥር ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራትና የተደበቀ ማጥፊያ ይገኛል። ኮፈኑ ሲከፈት ደግሞ ከጠርዙ አጠገብ፣ ኮፈኑ ሲዘጋ ወደ ታች የሚጫን የፕላስቲክ ወይም የብረት ዘንግ አለ። የዚህ ዘንግ ሥራ ሜካኒኩ እጁን ከሞተሩ ውስጥ ባስገባበት ሰዓት ባለቤቱ ከርቀት ሞተሩን እንዳያስነሣ መከልከል ነው። መሣሪያው ተገጥሞ ዘንጉ ከሌለ ሥራው በጥድፊያ እንደተሠራ በቂ ማሳያ ነው።

መሪያቸው በተዛወረ መኪኖች ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ሲዛወር ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ሽቦዎች ይረዝማሉ፣ በቴፕ ይጠቀለላሉ። ከመሪው ሥር የተቆራረጠና በጥቁር ቴፕ የታሸገ ሽቦ ያየ ሰው የአላርም ወይም የሪሞት ስታርት ምልክት አገኘሁ ሊል ይችላል፤ ያየው ግን የመሪ ዝውውሩን ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ሽቦውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ መሣሪያውን በዓይን ሳያዩ መደምደም አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ብዙ የሚገልጸው ግን የሁለተኛው ቁልፍ ጉዳይ ነው። ኢሞቢላይዘር ባላቸው መኪኖች ላይ በኋላ የሚጨመር ሪሞት ስታርት ሞተሩን ለማስነሣት በቁልፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ ማግኘት አለበት። የዚህ ዓይነት ክልከላ በአውሮፓ ኅብረት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ ግዴታ ሆኗል። ዘመናዊው መፍትሔ ኢሞቢላይዘሩን በመረጃ መስመር የሚያነጋግር ትንሽ መሣሪያ መግጠም ነው። አሮጌውና ርካሹ መፍትሔ ግን ሁለተኛውን ቁልፍ ወይም ቺፑን አውጥቶ ከዳሽቦርዱ ሥር በትንሽ ሳጥን ውስጥ ደብቆ መተው ነው። ባለቤቱ ከርቀት ሲያዝ መሣሪያው የተደበቀውን ቺፕ ያነቃና ኢሞቢላይዘሩ «ቁልፍ ቀርቧል» ብሎ ያምናል። ስለዚህ አንድ ሻጭ «ሪሞት ስታርት አለው» ብሎ አንድ ቁልፍ ብቻ ሲያቀርብ፣ ሁለተኛው ቁልፍ የት እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ «ጠፍቷል» ከሆነና ቁልፉ በእርግጥ በመኪናው ውስጥ ከተደበቀ፣ የመኪናውን ዋነኛ የስርቆት መከላከያ ለማለፍ የሚያስፈልገው ነገር ለሌባው ተዘጋጅቶ ተቀምጦለታል።

ሙከራው ሲሳካና ሳይሳካ

በመጨረሻ ሁሉም ሰው ወደ ሙከራ ይሄዳል። ነገር ግን የሙከራው ሁለት ውጤቶች እኩል ክብደት የላቸውም። ሞተሩ ከተነሣ ችሎታው መኖሩ ተረጋግጧል። ሞተሩ ካልተነሣ ግን ችሎታው አለመኖሩ አልተረጋገጠም፤ እምቢ የሚያሰኙ ምክንያቶች ብዙ ናቸውና። አንድ በር በሚገባ ካልተዘጋ፣ የኮፈኑ ዘንግ ካልተጫነ፣ ሌላኛው ቁልፍ በመኪናው ውስጥ ከተረሳ፣ የአደጋ ጊዜ ፍሬቻ ከበራ፣ የሞተር ችግር የሚያሳየው መብራት በርቶ ከሆነ፣ ነዳጁ ወደ ማለቂያው ከደረሰ፣ ወይም በቅንብር ገጹ ላይ ችሎታው ተዘግቶ ከሆነ የፋብሪካው ሥርዓት ትእዛዙን አይቀበልም፤ ዝርዝሩም እንደየአምራቹ ይለያያል። የቁልፉ ባትሪ መድከምም አለ፤ ጄኔራል ሞተርስ ለፋብሪካ ቁልፎቹ የሚጠቅሰው ርቀት 60 ሜትር ያህል ሲሆን የድንጋይና የኮንክሪት ግንብ ይህን ያሳጥረዋል።

ሙከራው በሥርዓት ከተደረገ የሚከተለውን መልክ ይይዛል። መኪናው በሜዳማ ስፍራ፣ ከፊቱና ከኋላው ሰው በሌለበት፣ በአየር ላይ ይቆማል። የእጅ ፍሬኑ ይሳባል፤ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ በማቆሚያው፣ ማኑዋል ከሆነ በዜሮ ላይ ይሆናል። ቁልፎቹ ሁሉ ከመኪናው ይወጣሉ፤ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ከዚያ በአምራቹ መመሪያ በተጻፈው ቅደም ተከተል ይሞከራል። ሞተሩ ከተነሣ ሙከራው አላለቀም፤ እንዲያውም ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት መጥፋት አለበት። ጤናማ ሥርዓት ባለው መኪና ውስጥ ቁልፍ ያልያዘ ሰው ገብቶ ፍሬን ረግጦ ማርሽ ለማስገባት ቢሞክር ሞተሩ መጥፋት ወይም ማርሹ እምቢ ማለት አለበት። ከዚህም ሌላ ሥርዓቱ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱን ማጥፋት አለበት፤ በብዙ የፋብሪካ መኪኖች ይህ ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላም እየሠራ ያለ ሞተር የሚያሳየው ትክክለኛ ገደብ ያልተበጀለትን መሣሪያ ነው።

ማኑዋል መኪና በተዳፋት ላይ

የጎንደርን ጉዳይ ከሌሎች የሚለየው ይህ ነው። ከፒያሳ ወደ ጎሐ ኮረብታ የሚወጣውን ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚያመራውን መንገድ ያየ ሰው የቆሙት መኪኖች እንዴት እንደተያዙ ያውቃል። ዳገት ላይ ያለው አንደኛ ማርሽ፣ ቁልቁለት ላይ ያለው የኋላ ማርሽ አስገብቶ ይቆማል። የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም፤ ጥሩ ልማድ ነው። ይኸው ጥሩ ልማድ ግን ከሪሞት ስታርት ጋር ሲገናኝ ወደ አደጋ ይለወጣል። ማርሽ ባስገባ ማኑዋል መኪና ላይ ሞተር ማስነሻው ሲዞር የሚያዞረው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ጎማውንም ጭምር ነው። ፍሪሲዮን የሚረግጥ ሰው የለም። መኪናው ይዘላል፤ ሞተሩ ከተቀበለም ያለ ሹፌር ይጓዛል።

ዋና ዋና አምራቾች፣ እጅግ ጥቂት ሞዴሎች ካልሆኑ በቀር፣ ማኑዋል መኪና ላይ ሪሞት ስታርት የማይገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ አንድ ጠንካራ ድምዳሜ ይወጣል፦ ማኑዋል ሆኖ ሪሞት ስታርት ያለው መኪና ችሎታውን ያገኘው፣ ለማለት ይቻላል ሁልጊዜ፣ ከፋብሪካው በኋላ ነው። ብዙ ማኑዋል መኪኖች ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተር እንዳይነሣ የሚከለክል ማብሪያ ማጥፊያ ስላላቸውም መሣሪያውን የገጠመው ሰው ይህን መከላከያ ለማለፍ ሽቦውን አገናኝቶታል ማለት ነው።

የታወቁ የአላርም አምራቾች ለዚህ ያበጁት ዘዴ አለ። ሹፌሩ መኪናውን ሲያቆም ማርሹን ዜሮ ላይ ያደርጋል፤ የእጅ ፍሬኑን ይስባል፤ ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ያወጣል፤ ወርዶ በሩን ዘግቶ ከውጪ ሲቆልፍ ሞተሩ ይጠፋል። በዚህ ሂደት ሥርዓቱ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ማርሽ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ እየሠራ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን ለቅቆ መውረድ አይችልም ነበርና። ከዚያ በኋላ አንድ በር ቢከፈት ፈቃዱ ይሰረዛል። ብልሃት ያለበት አሠራር ነው፤ ግን መኪናውን በእጅ ፍሬን ብቻ እንዲቆም ያስገድደዋል። ለሜዳማ ከተማ የታሰበው ይህ ዘዴ በጎንደር ዳገቶች ላይ ሁለት አማራጭ ብቻ ይተዋል፦ ወይ መኪናው ማርሽ ገብቶ ሪሞት ስታርቱ ይዘጋል፣ ወይ ሪሞት ስታርቱ ተከፍቶ መኪናው በእጅ ፍሬንና በድንጋይ ይታመናል። የኋለኛውን የሚመርጥ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ምርጫው ግን ትክክል ነው ለማለት ያስቸግራል።

ደጋው ይፈልገዋል ወይ?

ሪሞት ስታርት ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ በመሆኑ ደባርቅና ዳባት ላይ ጥቅሙ ይጎላል የሚል ግምት ተገቢ ይመስላል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች በስሜን ተራሮች አካባቢ ውርጭ ይጥላል። ይሁን እንጂ ይህ ቅዝቃዜ ከካናዳው ጋር አይወዳደርም፤ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚረጭ የቤንዚን ሞተር ከተነሣ በኋላ በዚህ የሙቀት መጠን ረጅም ማሞቅ አይፈልግም፤ ቀስ ብሎ መንዳት ያሞቀዋል። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ ኮሮላዎች በእርግጥ ማሞቅ ይሻሉ፤ ግን የአየር መዝጊያቸው በእጅ የሚሳብና ነዳጅ መርገጥን የሚጠይቅ በመሆኑ ከርቀት ለመነሣት አይመቹም። በደጋው የሚመላለሱት የናፍጣ ላንድክሩዘሮችና ሚኒባሶችም ከመነሣታቸው በፊት የማሞቂያቸው መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ይህን መጠበቅ ያልተማረ መሣሪያ የቀዘቀዘውን ሞተር ደጋግሞ እያዞረ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ባትሪው ራሱም በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል።

ከቅዝቃዜው ይልቅ ከፍታው ሊታሰብበት ይገባል። 2,100 ሜትር ላይ ባለችው ጎንደር የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 77 በመቶ ገደማ፣ በደባርቅ 71 በመቶ ገደማ፣ የስሜን መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚወጣበት ስፍራ ደግሞ 61 በመቶ ገደማ ነው። ሞተር የሚስበው ኦክስጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደግሞ ነዳጅ ያበዛና ያልተሟላ ቃጠሎ ያስከትላል። የዚህ ውጤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምና ሽታ የለውም፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይልም ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። በከፍታ የሚኖር ሰው የሚተነፍሰው ኦክስጅን አስቀድሞ የቀነሰ በመሆኑ ጋዙን የመቋቋም አቅሙ ሰፊ አይደለም። መኪናውን ከመኝታ ቤት ጋር በሚገናኝ ዝግ ጋራዥ ውስጥ የሚያሳድር፣ ሪሞቱን ለልጆች መጫወቻ የሚተው ቤተሰብ አደጋው ግልጽ ሊሆንለት ይገባል። መጫኛው በኪስ ውስጥ በስሕተት ሊጫን መቻሉም አምራቾች ሁለት ጊዜ መጫንን ወይም ተጭኖ መያዝን የመረጡበት አንዱ ምክንያት ነው።

በስልክ ስለሚነሡ መኪኖች

በስልክ መተግበሪያ የሚሠራው ሪሞት ስታርት የተለየ ሁኔታ አለው። በዚህ አሠራር ትእዛዙ ከስልኩ ወደ አምራቹ ሰርቨር፣ ከሰርቨሩ በሞባይል ኔትወርክ ወደ መኪናው ይሄዳል። ስለዚህ ችሎታው በመኪናው ውስጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ግማሹ ያለው በሌላ አገር ኮምፒውተርና በደንበኝነት ውል ውስጥ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ላይ በቁልፉ የሚሠራው ሪሞት ስታርት ሳይቀር ከደንበኝነት ጊዜው ጋር አብሮ እንደሚቋረጥ መታወቁ በአሜሪካ ብዙ አነጋግሯል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው አገር የሦስተኛ ትውልድ ኔትወርክ ሲዘጋ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ መኪኖች ግንኙነታቸው ተቋርጧል። እንዲህ ያለ መኪና ጎንደር ሲደርስ ዝርዝሩ «ሪሞት ስታርት አለው» ቢልም አይሠራም። ሰርቨሩ ቢገኝ እንኳ ኢንተርኔት የግድ ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ደግሞ የቅርብ ትዝታ ነው።

በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ጥያቄው ራሱ መልኩን ይለውጣል። የሚነሣ ሞተር የለም፤ ጭስ የለም፤ ከርቀት የሚታዘዘው የመኪናውን ውስጥ ማሞቅ ወይም ማቀዝቀዝ ነው። ለቻይና ገበያ ተሠርተው በተለያየ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ በገቡ መኪኖች ላይ መተግበሪያው በአብዛኛው የቻይና ስልክ ቁጥርና አካውንት ስለሚጠይቅ ችሎታው ኖሮም ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው መጠየቅ ያለበት «ከርቀት ይታዘዛል ወይ?» ብቻ አይደለም። አካውንቱ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ሻጩ አካውንቱን በገዥው ፊት ከስልኩ እንደሰረዘ፣ መኪናውም ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ እንደተመለሰ መታየት አለበት። ይህ ካልሆነ መኪናው ከተሸጠ በኋላም የቀድሞው ባለቤት ያለበትን ቦታ በስልኩ ማየትና በሩን መክፈት ይችላል።